ኢንቮይሱ ላይ «ኮምፒውተር አክሰሰሪ» ብቻ ተብሎ የመጣ ዕቃ ኮዱ ስንት ነው?

የሱቋ ልጅ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:20

ሰላም ለሁላችሁ። የጉምሩክ ታሪፍ የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ እርዱኝ። ትንሽ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ አለችኝ። ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር ኮንቴይነር ተጋርቼ ከቻይና ጓንግዡ 60 ካርቶን አስጫንኩ። አቅራቢው ኢንቮይሱ ላይ ሁሉንም «ኮምፒውተር አክሰሰሪ» ብሎ፣ አንድ የታሪፍ ኮድ ብቻ ጽፎ ነው የላከው። 8473.30 ይላል። ጉምሩክ የሚያስፈጽምልኝ ትራንዚተሬም እሱኑ ይዞ ዲክላራሲዮኑን (ለጉምሩክ የሚቀርበውን ቅጽ) ሞላ። ፍተሻ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ዕቃው አንድ ዓይነት አይደለም፣ በየዓይነቱ ተለይቶ ይቅረብ» ተባለ።

ካርቶኖቹ ውስጥ ያለው ይሄ ነው። ኪቦርድና ማውስ፣ የጌም ሄድሴት፣ የላፕቶፕ ቻርጀር፣ የላፕቶፕ ቦርሳ፣ ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ፣ ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ፣ ዌብካም፣ ኤችዲኤምአይ ኬብል፣ ጥቂት ራም። ሁሉም እኮ ለኮምፒውተር ነው! ታዲያ ለምንድነው በአንድ ኮድ የማይገባው? የመጋዘን ኪራዩ በየቀኑ እየቆጠረ ነው። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ጋሼ ትራንዚት
ሰኞ፣ ከቀኑ 6:05

አይዞሽ ልጄ። ይሄ ችግር አንቺ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። 22 ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ፤ «አክሰሰሪ» የምትለዋ ቃል ያስቆመችውን ጭነት ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ታሪፍ መጽሐፉ ውስጥ የኮምፒውተር ነገር ሁሉ የሚከተትበት አንድ ትልቅ ጎተራ የለም። 8473.30 የኮምፒውተር መለዋወጫና ተጓዳኝ ዕቃ ይላል፤ እውነት ነው። ግን እዚያ የሚገባው ሌላ ቦታ ስም ያልወጣለት ዕቃ ብቻ ነው። ክፍል 16 ማስታወሻ 2ን አስከፍተሽ አንብቢ። በምዕራፍ 84 ወይም 85 ውስጥ የራሱ ቁጥር ያለው ዕቃ፣ ለየትኛውም ማሽን ይሠራ፣ የሚሄደው ወደ ራሱ ቁጥር ነው ይላል። የራሱ ቁጥር ከሌለው ብቻ «ይሄ በዋናነት ለየትኛው ማሽን ነው የተሠራው?» ተብሎ ይጠየቃል። ስለዚህ ዕቃውን ስታዪ መጀመሪያ «ለምን ይጠቅማል?» ሳይሆን «ራሱ ምንድነው?» ብለሽ ጠይቂ።

እንግዲህ ያንቺን ዕቃ በዚህ እንየው።

ኪቦርድና ማውስ የኮምፒውተር ማስገቢያ መሣሪያ ናቸው። 8471.60። እዚህ ላይ ክርክር የለም።

ቻርጀሩ ላፕቶፕ ላይ ቢሰካም ሥራው ኤሌክትሪክ መለወጥ ነው። 8504.40። ዩፒኤሱም እዚያው 8504.40 ነው። ብዙ ሰው ዩፒኤስን ከኮምፒውተር ጋር ያያይዘዋል፤ ግን መረጃ አይቀበልም፣ አይሰጥም፤ መብራት ነው የሚጠብቀው። የዩፒኤስ መቀየሪያ ባትሪ ለብቻው አስመጥተሽ ቢሆን ደግሞ፣ ያ የእርሳስ ባትሪ ወደ 8507.20 ይሄድ ነበር።

ፍላሹ 8523.51 ነው። ልብ በይ፣ ሃርድ ዲስክ 8471.70 ነው፣ ፍላሽ ግን እዚያ አይደለም። ኬብሉ ጫፉ ላይ መሰኪያ ስላለው 8544.42። ዌብካሙ ካሜራ ነው፤ በ8525 ሥር ይፈለጋል። ሄድሴቱ 8518.30። ቦርሳው ከጨርቅ ወይም ከፕላስቲክ ከሆነ 4202.12 ነው። ምዕራፍ 42 ማለት የቆዳ ውጤቶችና የጉዞ ቦርሳዎች ያሉበት ነው። ኮምፒውተር ስለያዘ ኮምፒውተር አይሆንም።

ራሙ? እሱ በትክክል 8473.30 ነው። አቅራቢሽ ከዘጠኙ የዕቃ ዓይነት በአንዱ ልክ ነበር።

ትራንዚተርሽ ዲክላራሲዮኑን ከመሙላቱ በፊት ፓኪንግ ሊስቱን ማየት ነበረበት። አሁን ግን ጊዜ አታጥፊ። አቅራቢሽ በየዓይነቱ የተዘረዘረ ኢንቮይስ ይላክ፤ ዋጋውም ተለይቶ። ከዚያ እርማት አስገቢ።

ብየዳና ቺፕ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:40

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና በሄድሴቱ ላይ አልስማማም። እኔ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ነኝ። የጌም ሄድሴት ዩኤስቢ ነው፣ ከኮምፒውተር ውጭ አይሠራም፣ ውስጡም የራሱ የድምፅ ቺፕ አለው። ማውስ «ማስገቢያ መሣሪያ» ከተባለ ማይክ ያለው ሄድሴት ለምን አይባልም? ድምፅ ያስገባል፣ ድምፅ ያወጣል። በሥራው ካየነው ከማውስ አያንስም።

ጋሼ ትራንዚት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:30

ወንድሜ ጥያቄህ ጥሩ ነው። በቴክኒክ ካየኸው ልክ ነህ። የታሪፍ ሕጉ ግን ይሄን ክርክር አስቀድሞ ዘግቶታል።

ምዕራፍ 84 ስለ ኮምፒውተር የሚናገር ማስታወሻ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2022 እትም በፊት ማስታወሻ 5 ነበር፣ አሁን 6 ሆኗል። እዚያ አንድ ዕቃ የኮምፒውተር አካል ለመባል ሦስት ነገር እንዲያሟላ ይጠይቃል። በዋናነት ለኮምፒውተር የሚያገለግል መሆን አለበት። ከኮምፒውተሩ ጋር መገናኘት አለበት። ኮምፒውተሩ በሚገባው መልክ መረጃ መቀበል ወይም መስጠት አለበት። ያንተ ሄድሴት ሦስቱንም ያልፋል እንበል። ወዲያው ቀጥሎ ግን ሦስቱን ቢያሟሉም ለብቻቸው ሲመጡ እዚህ የማይገቡ ዕቃዎችን በስም ይዘረዝራል። ፕሪንተር። የኔትወርክ መሣሪያ። ድምፅ ማጉያና ማይክ። ካሜራ። ሞኒተርና ፕሮጀክተር።

ለዚህ ነው ፕሪንተር 8443 የሚሆነው፣ ራውተርና ስዊች 8517.62፣ የኮምፒውተር ሞኒተር 8528.52። ዌብካም ካሜራ ነው ያልኩትም ለዚሁ ነው። ይሄን ዝርዝር የያዘ ሰው ግማሹን ክርክር አሸንፏል። ጀማሪ ትራንዚተር ሲመጣብኝ መጀመሪያ የማስጠናው ይሄን ማስታወሻ ነው፤ ቁጥሮቹን ከዚያ በኋላ ይደርስባቸዋል።

ብየዳና ቺፕ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:50

ተቀብያለሁ ጋሼ። ዕድሜ ይስጥልኝ። ለጥገና የማስመጣውንም ልጠይቅዎት። የላፕቶፕ ስክሪን፣ ባትሪ፣ ፋን፣ ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር። እስከዛሬ ሁሉንም «ስፔር ፓርት» እያልኩ ነው ያስገባሁት።

የሱቋ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:15

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌሊቱን ለአቅራቢው ጻፍኩለት። ዘርዝሮ እንደሚልክ ቃል ገብቷል። አንድ የረሳሁት ነገር አለ። ከካርቶኖቹ 8ቱ ውስጥ ያለው «4 በ1 ጌሚንግ ኮምቦ» ነው። ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ሄድሴትና የማውስ ምንጣፍ በአንድ ሳጥን። ሳጥኑ ላይ አንድ ዋጋ፣ አንድ ባርኮድ ነው ያለው። ይሄስ ተከፋፍሎ ነው የሚጻፈው?

ጋሼ ትራንዚት
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:10

ለሁለታችሁም ልመልስ። መጀመሪያ የጥገናው።

ማዘርቦርድ 8473.30 ነው። ፕሮሰሰር ግን አይደለም፤ ቺፕ ስለሆነ 8542.31። የላፕቶፕ ሊቲየም ባትሪ 8507.60። ፋን ብቻውን ከመጣ 8414.59፤ ከክፍል ማቀዝቀዣ ፋን ጋር ጎረቤት ነው ማለት ነው። ስክሪን ላይ ተጠንቀቅ። ድሮ አንዱ አገር 8473.30 ሲለው ሌላው 9013 ይለው ነበር። የ2022ቱ እትም 8524ን ለፍላት ፓነል ዲስፕሌይ ሞጁል ከፈተ። የምዕራፍ 85 ማስታወሻ 7 ደግሞ ይሄ ቁጥር ከሌሎቹ ሁሉ ቅድሚያ አለው ይላል። ስለዚህ የምትሠራበት የታሪፍ መጽሐፍ በየትኛው እትም ላይ እንደቆመ አረጋግጥ። የአምስት ዓመት ኮፒ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። «ስፔር ፓርት» የምትለዋንም ተዋት። «አክሰሰሪ» ያደረገችውን ነው የምታደርግህ።

ልጄ፣ ያንቺ ኮምቦ ከባዱ ጥያቄ ነው። አጠቃላይ የትርጓሜ ደንቦቹ ስድስት ናቸው፤ ያንቺ ጉዳይ ሦስተኛው ላይ ይወድቃል። የተለያየ ቁጥር ያላቸው ዕቃዎች ለአንድ ዓላማ ተሰናድተው፣ እንዳሉ ለገዢ በሚሸጥ ማሸጊያ ከመጡ «ሴት» (በእንግሊዝኛ set፣ ስብስብ ማለት ነው) ይባላሉ። አንድ ቁጥር ይይዛሉ። የትኛውን? ለስብስቡ ዋና ባሕርዩን የሰጠውን ዕቃ ቁጥር።

እኔ ብሆን ኪቦርዱ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ኪቦርድና ማውስ ሁለቱም 8471.60 ናቸው፤ ከአራቱ ሁለቱ እዚያው ናቸው ማለት ነው። ፈታሹ ግን «ሄድሴቱ ነው ውዱ፣ ዋናውን መለየት አይቻልም» ሊል ይችላል። መለየት ካልተቻለ ደንቡ ምን ይላል? በቁጥር ቅደም ተከተል መጨረሻ ላይ ያለው ይወስዳል። 8518 ከ8471 በኋላ ነው። ያኔ ኮምቦው በሙሉ በሄድሴት ቁጥር ይቀረጣል። ስለዚህ ዝም ብለሽ አትቅረቢ። አቅራቢው የአራቱን ዋጋ በየግል ከፋፍሎ በጽሑፍ ይስጥሽ። የሳጥኑን ፎቶ አያይዢ። ኪቦርዱ ከዋጋው ትልቁን ድርሻ ከያዘ ክርክርሽ እግር አለው።

ጀማሪ አስመጪ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:00

እኔ ሌላ ነገር ላንሳ። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፈታትቼ፣ ኬዙን ለብቻ፣ ቦርዱን ለብቻ፣ ዲስኩን ለብቻ ባስመጣ አይቀንስም?

ጋሼ ትራንዚት
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:25

በአንድ ጭነት ከሆነ ተወው። ደንብ 2 ፊደል ሀ ተፈትቶ የመጣ ሙሉ ዕቃ እንደ ሙሉ ዕቃ ይቆጠራል ይላል። አስመስለህ ከፋፍለህ ብትልከውም በኋላ ኦዲት ሲመጣ ጭነቶቹን ጎን ለጎን አድርጎ የሚያይ ሰው አለ። ሒሳቡን በንጽሕና ሥራው ወንድሜ።

ሒሳብ ያዥዋ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12:45

ስለ ኮድ ጋሼ ጨርሰውታል። እኔ ስለ ብሩ ልጨምር። ብዙ ሰው «የኮድ ልዩነቱ 20 በመቶ ብቻ ነው» ብሎ ያስባል። አይደለም። ታክሶቹ አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ነው የሚቆሙት።

ለምሳሌ የዕቃሽ ዋጋ ከመድንና ከመጓጓዣ ጋር 100,000 ብር ነው እንበል። አንዱ ኮድ ቀረጡ ዜሮ፣ ሌላው 20 በመቶ ይሁን። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ብቻ ነው የወሰድኳቸው፤ ትክክለኛውን መጣኔ ከታሪፍ መጽሐፉ አረጋግጪ። ቀረጡ ዜሮ ሲሆን 15 በመቶ ቫት 15,000 ነው። 10 በመቶ ሱር ታክስ (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጨመር ታክስ) ደግሞ ቫቱን ጨምሮ በ115,000 ላይ ስለሚሰላ 11,500 ይሆናል። ቀረጡ 20 በመቶ ሲሆን ግን ቀረጡ 20,000፣ ቫቱ በ120,000 ላይ 18,000፣ ሱር ታክሱ በ138,000 ላይ 13,800። ልዩነቱን ደምሪ። 25,300 ብር። በወረቀት 20 የነበረው ከኪስ ሲወጣ ከ25 በላይ ሆነ።

ቫት ተመዝጋቢ ከሆንሽ የቫቱን ክፍል ስትሸጪ ታቻችዪዋለሽ። ቀድሞ የሚያዘው ዊዝሆልዲንግም ከዓመቱ የትርፍ ግብር ላይ ይታሰብልሻል። ቀረጡና ሱር ታክሱ ግን አይመለሱም፤ ዕቃው ዋጋ ውስጥ ገብተው ይቀራሉ። ስለዚህ የመሸጫ ዋጋ ከማውጣትሽ በፊት ኮዱን እወቂ። ኮዱ ሳይታወቅ ተሽጦ ካለቀ በኋላ ልዩነት ክፈይ ቢሉሽ ከማን ታመጪዋለሽ? እኔ የምሠራላቸው አንድ ነጋዴ ይሄ ደርሶባቸዋል። ዕቃው ወጥቶ፣ ተሸጦ፣ ትርፉም ተበልቶ ካለቀ ከረጅም ጊዜ በኋላ ድኅረ ዕቃ አወጣጥ ኦዲት መጣ። የከፈሉት ከቤት ዕቃ ሸጠው ነው። አብሬያቸው ነበርኩ፤ እስከዛሬ ያመኛል።

ቨርጂኒያ ነዋሪ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:30

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። እዚህ በአስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች በሁሉም አገር አንድ ናቸው። ሃርሞናይዝድ ሲስተም የሚባለው ይሄ ነው። ብራስልስ ያለው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ያወጣዋል፤ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ከስድስቱ በኋላ ግን እያንዳንዱ አገር የራሱን ይቀጥላል። የኢትዮጵያው 8 አኃዝ ነው፣ የአሜሪካውና የቻይናው 10። ስለዚህ የቻይና አቅራቢ የሚሰጣችሁን 10 አኃዝ እንዳለ አትገልብጡ። መጣኔውማ ጨርሶ አይገናኝም። አቅራቢዎች «ኮምፒውተር ነክ ዕቃ ዜሮ ነው» የሚሉት እ.ኤ.አ. በ1996 ሲንጋፖር ላይ የተደረገው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ስምምነት ውስጥ ያሉ አገሮችን ይዘው ነው።

ሁለተኛ፣ የአሜሪካ ጉምሩክ የታሪፍ ውሳኔዎቹን ድረ ገጽ ላይ በነፃ አስቀምጧል። የአውሮፓ ኅብረትም እንዲሁ። የዕቃውን ስም አስገብታችሁ ለምን እንደዚያ እንደተመደበ ማንበብ ትችላላችሁ። አዲስ አበባ ላይ ማንንም አያስገድድም። ግን ምክንያቱ የሚጠቀሰው ከዚያው ዓለም አቀፍ ማስታወሻ ስለሆነ ለደብዳቤያችሁ ጥሩ ስንቅ ነው። ለምሳሌ የሄድሴቱን ጉዳይ ስትፈልጉ ብሉቱዝ ያለው እዚህ ወደ 8517.62 እንደሚመደብ ታያላችሁ፤ ባለ ገመዱ ግን 8518.30 ላይ ነው። ልዩነቱ ያለው ሬዲዮው ላይ ነው።

ደግሞ አትሸማቀቁ። በዚህ ነገር ትልልቆቹም ተካሰዋል። የኮምፒውተር ኔትወርክ ካርድ ኮምፒውተር ነው ወይስ ቴሌኮም በሚል አሜሪካ አውሮፓን የዓለም ንግድ ድርጅት ዘንድ ከሳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 መጀመሪያ ችሎቱ ለአሜሪካ ፈረደ፣ በዚያው ዓመት ይግባኝ ሰሚው ገለበጠው።

ጀማሪ አስመጪ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:05

ታዲያ ዕቃው ወደብ ደርሶ ከመጨነቅ አስቀድሞ መጠየቅ አይቻልም?

ጋሼ ትራንዚት
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:00

ይቻላል እንጂ! የቅድሚያ ታሪፍ ውሳኔ ይባላል። ዕቃው ከመጫኑ በፊት ካታሎግ፣ ፎቶ፣ ከተቻለም ናሙና ይዘህ በጽሑፍ ትጠይቃለህ፤ በጽሑፍ ይመለስልሃል። በተደጋጋሚ ለምታስመጣው ዕቃ ይሄን ያህል የሚያሳርፍ ነገር የለም። ብዙ ሰው ግን አይጠቀምበትም፤ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ውሳኔው ካልተስማማህም ቅሬታ አለ፣ ከዚያ በላይ የታክስ ይግባኝ ሰሚ ኮሚሽን አለ። የቀን ገደቡን ብቻ አታሳልፍ።

የሱቋ ልጅ
ዓርብ፣ ከቀኑ 10:20

ጋሼ፣ ሁላችሁም፣ ዕቃዬ ወጣ! ዛሬ ጠዋት ነው የተለቀቀው። አዲሱ ኢንቮይስ መጣ፣ አሥር መስመር ሆነ። ሄድሴቱና ቦርሳው ካሰብኩት በላይ አስከፈሉኝ። ኮምቦው ግን በኪቦርዱ ቁጥር ተቀባይነት አገኘ። የአራቱን ዋጋ ከፋፍሎ የሚያሳየው ደብዳቤና ፎቶው ነው የረዳኝ። ፈታሹ አንብቦ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ ሁለቱንም እዚህ ያነበብኩትን ነው የመለስኩለት። የመጋዘን ኪራዩ ግን ጎድቶኛል። ትርፌ በዚህ ዙር የለም ማለት ይቻላል። ቢሆንም ተንፍሻለሁ።

ለሚቀጥለው ጭነት ለአቅራቢው የምልክለትን አጻጻፍ አዘጋጅቻለሁ። ጋሼ እባክዎ ይዩልኝ። «ባለ ገመድ የዩኤስቢ ኪቦርድ፣ ለኮምፒውተር፣ ሞዴል፣ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ፣ 8471.60»። «የላፕቶፕ ቻርጀር፣ 19 ቮልት፣ 65 ዋት፣ 8504.40»። «የላፕቶፕ ቦርሳ፣ ውጩ ፖሊስተር፣ 4202.12»። «ዩፒኤስ፣ 8504.40»። እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ጋሼ ትራንዚት
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:00

እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። ጥሩ ነው የጻፍሽው፤ የቦርሳው ውጩ ከምን እንደተሠራ ማስገባትሽ ጎበዝ አሰኝቶሻል፤ የ4202 ንዑስ ቁጥር የሚለየው በዚያ ነው። የዩፒኤሱን መስመር ብቻ አስተካክዪ። ስንት ቪኤ እንደሆነ፣ ባትሪው ውስጡ ተገጥሞ እንደሚመጣም ጻፊበት። ባትሪው ለብቻው በሌላ ካርቶን ከመጣ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል።